የበሩ ሰዓትና የአማት ቃል

በፖሊስነት ዘመኔ ወንጀል የተፈጸመባቸው ብዙ ክፍሎች ገብቻለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅብኝ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። የጥርስ መሥሪያው ሦስት ግድግዳ በመደርደሪያ የተሸፈነ ነው። መደርደሪያው ላይ በጄሶ የተቀረጸ መንጋጋ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል። የተጣመመው፣ ፍንጭቱ፣ ግማሹ የረገፈው፣ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ጥርሱን ያሳያል። ቁርስ ሳልቀምስ ስለመጣሁ ቀልዱ አልጣመኝም።

የተሰረቀውም ጥርስ ነው። አንድ ጥርስ ቢሆን እኔን ባልጠሩኝ ነበር፤ የላዩም የታቹም ሙሉ፣ ከድዱ በቀር ወርቅ የሆነ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ያሠራው አንድ የናጠጠ ነጋዴ ሲሆን፣ በሚመጣው እሑድ ልጁን ሲድር አድርጎት ለእንግዶቹ ሊስቅ አስቦ ነበር። አሁን ሰውየው ቤቱ ሆኖ በየሰዓቱ ስልክ ይደውላል። ጥርስ ስለሌለው የሚሳደበው ስድብ ባይገባም ስድብ መሆኑ ይገባል።

መሥሪያው ያለበት የጥርስ ክሊኒክ ባለቤት ሐኪሙ ነው፤ ከወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ ፀጉሩ በቅባት የሚያብለጨልጭ ጎረምሳ መሰል ጎልማሳ። እዚያ ቤት ሲገባ ጭንብል ማድረግ ሕግ ነው ብለው እኔንም አስደረጉኝ። መነጽሬን ጉም ሸፈነው፤ ምርመራዬን የጀመርኩት በጭጋግ ውስጥ ሆኜ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ወርቁ የነበረበት ቁም ሣጥን አልተሰበረም። ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ይህንንም «ምስጢር» ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ ሁሉም ያውቀዋል። ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሎ የነበረው የግድግዳ ሰዓት ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ባትሪው ተስፈንጥሮ ወጥቶ መርፌዎቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጥ ብለዋል። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠየቅኩት። ትናንት ማታ የአሥራ ሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር አንድ ነገር ሲወድቅ መስማቱን፣ በድንጋጤም የአንድ ደንበኛ ሱሪ እግር አሳጥሮ መቁረጡን ነገረኝ። ሱሪውን አሳየኝ፤ በእርግጥ አጥሯል።

ከወደቀው ሰዓት ሥር አንዲት ሮዝ ስባሪ ፕላስቲክ አገኘሁ። ሐኪሙ አየት አድርጎ ሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበት ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ከአቧራ ይልቅ የሚበዛው እሱ ነው አለኝ። እኔም ከልማድ ብቻ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዋናው ነገር በሩ ነበር። የጥርስ መሥሪያው በር የሚከፈተው በካርድ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት እንደከፈተው በሩ ራሱ ይመዘግባል። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ከላፕቶፑ ላይ አትሞ ሰጠኝ። ላፕቶፑ ዕድሜ የጠገበ ነው፤ ከስክሪኑ በላይ «ማዘመን የሚለውን የነካ ይባረራል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ምክንያቱን ስጠይቀው አንድ ጊዜ ቢያዘምኑት የካርቶን ምልክት ማተሚያው ሥራ አቁሞ ሳምንት ሙሉ የአንዱን ጥርስ ለሌላው ሲልኩ መክረማቸውን አወጋኝ። እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ከእጅ ሰዓቴ ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው። በራሴ ኮራሁ።

ወረቀቱ የትናንቱን ማታ እንዲህ ይላል፤ እዚያ የሚሠራው ጥርስ ሠሪ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ እስከ ጠዋት ማንም የለም።

ሥራ አስኪያጁ ሳልጠይቀው መለሰልኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት ነበር፤ አንድ ሰዓት ላይ የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ተመለሰ፤ መብራት ሳያበራ ከበሩ ሥር አንስቶ ወጣ። ሰዓቱን ወድቆ አላየውም። ጥርስ ሠሪውን ግን እንደ ወንድሙ ያየው እንደነበር ተናግሮ ዐይኑን ጠረገ።

ሌባው ተገኘ ማለት ነው። ጉዳዩ ከቁርስ በፊት ያልቃል ብዬ ደስ አለኝ።

ጥርስ ሠሪውን ሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ያዝነው። ከሲታ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ሰው ሲያነጋግር የሚያየው ዐይን ሳይሆን ጥርስ ነው። ምርመራ ክፍል አስቀምጬው ጠረጴዛውን ደብድቤ እውነቱን አውጣ ስለው አፌን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ከላይ በግራ በኩል ያለው መንጋጋዬ ሌሊት ሌሊት ያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያመኛል። ዝም በል አልኩት፤ ስናገር ጠዘጠዘኝ።

የእሱ ቃል አጭር ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ወርቁን ጥርስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ወጣ፤ ከዚያ የአማቱን የኩሽና ቧንቧ ሊጠግን ሄደ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ነበር።

«ማን ይመሰክርልሃል?» አልኩት።

ራሱን ደፋ። «አማቴ ናቸው» አለ፤ የሞት ፍርዱን ራሱ የሚያነብ መሰለ።

የአማቱን ቤት ሳንኳኳ የከፈቱልኝ አጭር፣ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚሰብረው የሚመስላቸው ሴትዮ ናቸው። ገና የአማቻቸውን ስም ስጠራ ፊታቸው በራ። ታሰረ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ታስሯል አልኳቸው። ሻይ ቀዱልኝ።

በእኚህ ሴትዮ ጥርስ ውስጥ አማቻቸው ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸውን ሊያይ የመጣ ቀን የሁሉንም ጥርስ እየዞረ አይቶ፣ ለእሳቸው «እናቴ፣ የፊቱ ሁለት ዓመት አይቆይም» ብሏቸው ነበር። በሁለት ዓመቱ ወለቀ። እሳቸውም ይህንን ይቅር ሊሉት አልቻሉም። ሲበላ ይንጣጣል፤ ሲስቅ ይዘገያል፤ ጥሩዋ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ይህንን ሁሉ ደስ እያላቸው ዘረዘሩልኝ። እኔም ደስ እያለኝ ጻፍኩ። በመጨረሻ ለሥርዓቱ ያህል ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደነበር ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

ሻይ የሚያማስሉበትን ማንኪያ አስቀመጡ።

«ይህ ሰው ቢታሰር እኔ እንደማላዝን ተናግሬያለሁ፣ አይደል ልጄ?»

«ተናግረዋል እማማ።»

«እንግዲያው ጻፍ። እዚህ ነበር። ዜናው ሲጀምር ከዚያ ቧንቧ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ድምፁን ቀንስልኝ ብሎኝ አልቀንስም አልኩት። ሄዶም ቢሆን ኖሮ ወንበሬ ባረፈች።»

እያንዳንዷን ቃል ሲናገሩ የሚመር መድኃኒት የሚውጡ ይመስሉ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩ። ለወዳጅ የሚመሰክር ሞልቷል፤ ለጠላቱ የሚመሰክር ግን እውነት አስገድዶት ነው። ደስታዬ እዚያው ደረጃ ላይ ቀረ።

አለቃዬ ኮማንደሩ ግን አልተነካም። ሰውየው ማሽን ይወዳል፤ ቢሮው ውስጥ ያለችው የውኃ ማቀዝቀዣ ስትንሿሿ ወሬውን አቋርጦ ያዳምጣታል። ወረቀቱን አየና ማሽን አይዋሽም፣ አማት ግን ትዋሻለች አለኝ። አማት ስትዋሽ ለአማቿ አትዋሽም፣ በአማቿ ላይ ነው የምትዋሸው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። የክሱ መዝገብ ነገ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ሰውየው የሚፈታው ወርቁ ሲገኝ ነው፤ ወርቁን ያልወሰደ ሰው ከየት ያመጣዋል? የጥርስ ሠሪው ሚስት በጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ባሏ የሰውን ጥርስ እንደ ገዛ ልጁ የሚያይ ሰው መሆኑን ብቻ ነገረችኝ። እሱን ስሰማ መንጋጋዬ እንደገና ጠዘጠዘኝ።

ከሰዓት በኋላውን ወርቅ ቤቶች ስዞር ዋልኩ። ወርቅ ጥርስ የገዛ ካለ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ወርቅ ሠሪ ገጽታዬን አይቶ ለራስዎ ነው ወይ አለኝ፤ ሌላው የሟች አጎቱን ጥርስ ከመሳቢያ አውጥቶ እንድስመው ሊሰጠኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ ፀጉር ቤት ገባሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ የተሳለ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትናንት መጥቶ ነበር ወይ ስለው መጥቷል አለ፤ ትንፋሽ አጥሮት፣ ጃንጥላ ሳይኖረው፣ የመንገዱ መብራት ከበራ በኋላ። በስንት ሰዓት እንደሆነ ስጠይቀው ሰዓት ፀጉር አይቆርጥም ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳልጠይቀው ቅሬታውን አፈሰሰ። ሰውየው በወር ሁለት ጊዜ ፂሙን እንዲያስተካክልለት የሚመጣ ደንበኛው ነው፤ ትናንት ግን ጭንብሉን አላወልቅም ብሎ ድርቅ አለ። በላይ በላይ ጆሮው ሥር ብቻ ቆርጦ ሸኘው።

«እንደ እሱ ያለ መልከ መልካም ሰው ጺሙን እንደ ቡቃያ አጎፍሮ ሲሄድ ስሜ ይጠፋል ጌታዬ» አለኝ።

ለስሙ አዘንኩለት። ሌላውን ነገር ሁሉ ግን በዚያ ጆሮዬ ገብቶ በዚህ ወጣ፤ ሰዓት የማያውቅ ምስክር ምን ይጠቅማል ብዬ።

ማታ ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን ስሰበስብ ሻይ ደፋሁበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ሳልቸኩል ነው ያፈሰስኩት። የበሩ ወረቀት ረጥቦ ቀለሙ ፈሰሰ። ኮማንደሩ ይህንን ቢያይ እኔን ከጥርስ ሠሪው ጎን ያስቀምጠኛል። በማግስቱ በማለዳ፣ ማንም ሳያውቅ ሌላ ቅጂ ላሳትም ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ ገና አልመጣም። እንግዳ ተቀባይዋ ግን ነበረች፤ የበሩን መዝገብ ከእሷም ኮምፒውተር ላይ ማየት እንደሚቻል፣ የእሷ አዲስ እንደሆነም በኩራት ነገረችኝ። አተመችልኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አጣጥፌ ወጣሁ፤ መንገዱ መሐል ላይ ግን ልቤ አልሆነልኝም፤ ገልጬ አየሁት።

ጥርስ ሠሪው አሥራ አንድ ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ አሥራ ሁለት ሰዓት።

አንድ ባለ ታክሲ ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነው ከመንገዱ የወጣሁት። ተመልሼ እንግዳ ተቀባይዋን መዝገቡን ነክተሻል ወይ ብዬ አፋጠጥኳት። እሷም ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። በሩን በጣቴ ነካሁት፤ በሩ ዝም አለ። አንድ በር በአንድ ምሽት ሁለት ታሪክ ሲያወራ ከሰው የተማረው መሆን አለበት አልኩ። ሁለቱንም ኮምፒውተር አቅፌ ወደ ጣቢያ ሄድኩ።

በጣቢያችን የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ ጠቅታ እንላታለን። የወጣችበትን ደረጃ ስትወርድም ሆነ ስታወራ ፍጥነቷ አንድ ነው። ሁለቱን ወረቀት አሳየኋት፤ ማን ነው የዋሸው አልኳት።

«ማንም። በሩ ሰዓት አያውቅም ጋሼ።»

«እንዴት አያውቅም? ሰዓት እየጻፈ?»

እየቆራረጠች አስረዳችኝ። በሩ የሚይዘው አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው፤ ድሮ ከተመረጠ አንድ ቀን ጀምሮ ሳያቋርጥ የተቆጠረ ሰከንድ። ቁጥሩ በየትም አገር ያው ነው። ይህ ቁጥር በእኛ ሰዓት ስንት ነው የሚለውን የሚመልሰው መዝገቡን የሚያነበው ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ደግሞ ለዚህ ሥራ የራሱ የሆነች አንዲት ትንሽ ፋይል በሆዱ ይዟል።

የላፕቶፑን ፋይል ከፍታ አሳየችኝ። እግዚኦ ነው። መግቢያው ላይ አራት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ከዚያ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት፣ የተገለበጠ ነጥብ፣ ድመት በቁልፎቹ ላይ ስትሄድ የጻፈችው የሚመስል ነገር። ተበላሽቷል ማለት ነው አልኩ፤ ምርመራዬ አለቀ ብዬ ተስፋ አድርጌ። አልተበላሸም አለችኝ። ለሰው ዐይን አልተጻፈም፤ ለማሽን በዜሮና በአንድ የተጻፈ ነው። በማሽን ዐይን ስናየው ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በውስጡ ስንት ነገር እንዳለ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ የዚህ አገር ሰዓት በአዋጅ ወደፊት ወይም ወደኋላ የተገፋባቸው ጊዜያት ሁሉ በተርታ ይመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ጊዜ ጋር ከዚያ ወዲህ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሄድ የሚጠቁም ትንሽ ቁጥር አለ። አያቴ ወጣት ሳለ የነበረው መንግሥት ያወጣው የሰዓት አዋጅ ሳይቀር ከአንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ባነሰ ቦታ እዚያ ተኝቷል።

«ዝርዝሩ ሲያልቅስ?» አልኳት።

ወደ ታች ወረደች። ከዚያ ሁሉ ትርምስ በኋላ መጨረሻው ላይ ሰው የሚያነባት አንዲት መስመር ነበረች። ለወደፊቱ የምትሠራው ሕግ እሷ ናት አለችኝ፤ በሙቀቱ ወራት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ግፋ ትላለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲገባ ሰዓት ወደፊት እንገፋ ነበር፤ መንግሥት ዘንድሮ ይህ ቀርቷል ብሎ ሽሮታል። ባለቤቴ በደስታ ቀኑን ሙሉ ተኝታለች። የእንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተር ራሱን ሲያዘምን አዲሱን ፋይል ተቀብሏል። ላፕቶፑ ግን «የነካ ይባረራል» ተብሎ የተለጠፈበት ነው፤ አዋጁን አልሰማም። አሥራ አንድ ሰዓትን አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለትን አንድ ብሎ ያነባል።

«ታዲያ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ልክ ነበር። እኔ ራሴ አይቻለሁ» አልኩ፤ ኩራቴን ላድን።

ሳቀች። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲያየው በእጁ ወደኋላ ጎትቶታል። ትኩሳት የያዘውን ሰው ቴርሞሜትር ውኃ ውስጥ ነክሮ ዳነ እንደማለት ነው አለችኝ፤ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ዳነ እንጂ ውስጡ ያለው ስሌት እንደታመመ ነው። ከዚያ የበሩን ጥሬ ቁጥር ወስዳ በአዲሱ ፋይል ፊት ለፊቴ መነዘረችው። የግድግዳው ሰዓት ሲወድቅ፣ ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሲያሳጥር በሩን የከፈተው የሥራ አስኪያጁ ካርድ ነው። አማትየዋ እውነታቸውን ነበር።

አሁን ሌባው ታወቀ፤ ወርቁ ግን የለም። ያለ ወርቁ ኮማንደሩ አይሰማኝም። መዝገቡ ሊወሰድ የቀረው ትንሽ ነው። ኪሴን ስዳብስ ያቺ ሮዝ ስባሪ በእጄ ገባች፤ ይዣት ወደ እስር ክፍሉ ወረድኩ።

ጥርስ ሠሪው ስባሪዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አያት። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ጥራጊ አይደለም ጌታዬ። የላይ ጥርስ ድድ ነው፤ እኔ የሠራሁት። ዓመታት ተደርጓል።»

«የማን ነው?»

ስባሪዋን መለሰልኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ሰው ጥርስ እንደሌለው ለጥርስ ሠሪው ሲነግር እምነት ጥሎበት ነው፣ እኔ ለሚስቴ እንኳን አልተናገርኩም አለኝ። የዚያ ጥርስ ባለቤት ነው አንተን እዚህ ያስገባህ ስለው ደነገጠ፤ ግን ዝም አይነቅዝም ብሎ ከንፈሩን ገጠመ። ተናድጄ ልወጣ ስል ግን ጠራኝ።

«ሌላው ስባሪ ከተገኘ እንዳይጣል። ይጠገናል» አለ። ትንሽ አስቦ ደግሞ፣ «ማን እንደሆነ አልናገርም። የሚጠረጥሩትን ሰው ግን ደረቅ ዳቦ ይጋብዙት።»

ከጣቢያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት የትናንት ዳቦ ገዛሁ፤ ባለ ዳቦ ቤቱ የዛሬ አለ ቢለኝም እንቢ አልኩ። ክሊኒኩ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ሐኪም ወንድሙም አብሮት። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሌባው ስለተያዘ ምሥራች ነው፣ ቁረስልኝ አልኩት።

ጠግቤያለሁ አለ። ከጭንብሉ ሥር ያለው ድምፁ የተቆላለፈ ነው፤ አንድ ጉንጩ አብጧል። ሐኪም ወንድሙ ከትናንት ጀምሮ ከሾርባ በቀር እንዳልቀመሰ በሐዘኔታ ነገረኝ፤ ለጥርስ ሠሪው አዝኖ ነው አለ። እኔም አጽናናሁት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ በእርግጥ እዚህ ነበርክ ወይ? በእርግጥ፣ ወረቀቱም ይናገራል አለኝ።

«ወረቀቱ አዲስ ወጥቶለታል» አልኩት። እንግዳ ተቀባይዋ ያተመችልኝን ዘረጋሁለት። «እንግዲህ ጭንብልህን አውርድ።»

ወንድሙ ምን ማለትህ ነው ብሎ ሊቆጣ ሲነሳ ጭንብሉ ወረደ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ አፉ ላይ አረፈ። ክፍሉ ቢጫ ሆነ። የላዩም የታቹም ሙሉ፣ ዘለግ ያለ፣ ለሰፊ የነጋዴ አፍ የተሠራ የወርቅ ጥርስ ከሥራ አስኪያጁ ከንፈር አልፎ ወጥቶ ሳቀብን። ሐኪሙ ተቀመጠ፤ ወንበር የሌለበት ቦታ ላይ ነበር።

ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ ይሄኛው ደግሞ በእርግጥም የባዳ ነበር። ኑዛዜው ግማሹ አየር ግማሹ ምራቅ ቢሆንም ገባኝ። ከዓመታት በፊት፣ ከወንድሙ ርቆ ሌላ ከተማ ሳለ፣ በበሽታ ጥርሱን በሙሉ አጥቷል፤ ይህንን ከጥርስ ሠሪው በቀር ማንም፣ ወንድሙም እንኳን አያውቅም። በዚህ ሳምንት የእጮኛው ቤተሰቦች ሊያዩት ይመጣሉ። ያን ማታ የወርቁን ጥርስ በመስታወት ፊት ለአንዲት ደቂቃ ሊለካው ብቻ ገባ። የራሱን አውጥቶ ወርቁን አደረገ፤ ራሱን ሲያይ ደስ ብሎት ወደኋላ ሲንጠራራ ጭንቅላቱ ግድግዳውን መታ፤ ሰዓቱ ወድቆ የራሱን ጥርስ ሰባበረው። ባዶ አፉን ይዞ መንገድ መውጣት ሞት መሰለው። ስባሪውን በችኮላ ለቃቅሞ፣ ወርቁን እንዳደረገ ወጣ። ጠዋት ወረቀቱን ሲያትም የእሱ መግቢያ አንድ ሰዓት፣ የሌላው አሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ አገኘው። ለምን እንደሆነ አልገባውም። እግዜር ያወጣኝ መሰለኝ አለ።

«ሰውየው ግን ታሰረ» አልኩት።

«ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የዋልኩት» አለ እንባው እየወረደ። «የኔን ጥርስ የሚጠግን እሱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አሳሰርኩት።»

ይህንን የተናገረው ከልቡ ነበር። ከልቡ በመሆኑም ይበልጥ ተናደድኩ፤ ለሰውየው አንድ ጊዜ እንኳን አላዘነም፣ ያዘነው ለድዱ ነው።

ኮማንደሩ መዝገቡን ሲያነብ ውኃ ማቀዝቀዣዋ ትንሿሿ ነበር፤ አላዳመጣትም። ታዲያ ማሽኑ ዋሽቷል ማለት ነው ወይ ብሎ በተሰበረ ልብ ጠየቀኝ። አልዋሸም አልኩት፤ በተሻረ አዋጅ ነው የመሰከረው። ይህ ትንሽ አጽናናው። እኔም በደስታዬ የእጅ ሰዓቴን ሳላየው ዋልኩ። ነጋዴው ግን ወርቁ የት እንደከረመ ሲነገረው በሌላ ሰው አፍ ውስጥ የዋለ ጥርስ አላደርግም ብሎ እንደገና መሳደብ ጀመረ።

ጥርስ ሠሪውን አስፈታሁት። ከእስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሚስቱ አቅፋው ስትቆይ እሱ በትከሻዋ በኩል አፌን ያይ ነበር። ሰኞ ክሊኒክ ይምጡ አለኝ። ሐኪሙ ሥራ አስኪያጅ ወንድሙን ቢያባርረውም የተሰባበረ ጥርሱን ለጥርስ ሠሪው በፖስታ ልኮለታል፤ እጠግነዋለሁ አለኝ ጥርስ ሠሪው፣ ጥርስ ምን አደረገ ብሎ።

አማቱ ቤት ሦስታችንም አብረን ሄድን። እኔ የሄድኩት ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። እማማ በሩን ከፍተው አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ከስቶ ነበር። ፊታቸውን አላበሩም፤ አላጠቆሩም። የእሳቸው ቃል ትክክል እንደነበር፣ የተሳሳተው የላፕቶፑ ፋይል እንደነበር ላስረዳቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እኔ ዐይቼ ነው የተናገርኩት። ያንተን ፋይል መች ጠየቅኩህ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ቧንቧው እንደገና ያንጠባጥባል። ግማሹን ሠርተህ ነው የሄድከው።»

እሱም ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ ኩሽናው ሊገባ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው ግን ክንዱን ያዙት፤ ጥሩዋን ወንበር ከጥግ እየጎተቱ አምጥተው ከኋላው አስጠጉለት።

«መጀመሪያ ብላ» አሉት። «ቧንቧው የትም አይሄድም።»

ተቀመጠ። ወንበሯ ተንቋቋች፤ እሳቸውም የሰሙ አይመስሉም ነበር።